ረቡዕ፣ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል

በታምፔሬ ኅዳር ጀምበር አቅም የላት፣
ገና በዘጠኝ ሰዓት ሐይቁ ውጦ አሳደራት።
እኔ ራውኖ ነኝ፤ ሦስተኛ ፎቅ ቤቴ፣
ወረቀት ፋብሪካ ውስጥ አለቀ ጉልበቴ።
ረቡዕ ረቡዕ ማታ ቅርጫት የማቅፈው፣
የታጠበ ሸሚዝ ደግሜ የማጥበው፣
ልብሱ ቆሽሾ አይደለም፤ አልዋሽም፣ ሰበብ ነው።

ከማሽኖቹ ማዶ፣ ባንካሳ ጠረጴዛ ዙሪያ፣
አምስት ሰው ይጮኻል እንደ ከብት ገበያ።
ቱሊኪ ናት ዋና፤ ቀን የትራም ሹፌር፣
ከሐዲድ የማትወጣ፣ ከሰዓት የማትዛነፍ ፍጡር፤
ማታ ግን ተራኪ፤ አገር ትፈጥራለች፣
ንጉሥ ትሾማለች፣ ወንዝ ታጎርፋለች፣
በካርቶን ከለላ ምሥጢሯን ጋርዳ፣
«እህሳ፣ ምን ታደርጋላችሁ?» ትላለች፣ የዋህ መስላ አራዳ።

ቬይኮ ግብር ቢሮ ነው፤ ሳንቲም የማይስት ጨዋ፣
እዚህ ሌባ ሆኖ ይዘርፋል፦ የመነኩሴ ጫማ፣ የመቃብር ጽዋ።
ሲርካ የጥርስ ሐኪም፣ እጇ ላባ ነው ይላሉ፤
እዚህ መጥረቢያ ስታነሣ በሮች በቁማቸው ይርዳሉ።
ኢልካ፣ ተብታባው ልጅ፣ ቃል የሚተናነቀው፣
እዚህ አዝማሪ ነው፤ ጭፍራ ሙሉ በስድብ ግጥም የሚያንበረክከው።
ማርኬታ ደንብ ታነባለች፦ «ገጽ መቶ አርባ ሦስት፣ አንቀጽ ሁለት!»
ዘንዶው ሳይቀር ያዛጋል፣ እሳቱ አፉ ውስጥ እስኪበርድበት።

ከዚያ ጠጠር ይጣላል። ሃያ ፊት ነው ያላት፤
እንደ ጠንቋይ ጠጠር አትሸነገል፣ ገንዘብ አያባብላት።
ሃያ ስታሳይ ጣራ የሚነቅል ጩኸት፤
አንድ ስታሳይ ዝም፣
ውኃው ብቻ በማሽኑ ሆድ ይንቦጫረቃል በድንገት።

ሦስት ወር ሙሉ ቱሊኪ እንቅልፍ አጥታ ነበር፣
ለባሮኑ ግንብ ካርታ ስትሥል፣ ለሰባት ወንድሞቹ ቂም ስትቆጥር።
እነሱ ግን ከበሩ አላለፉም።
በረኛ ቆሟል፤ አፏ ላይ እንደመጣ የፈጠረችው።
«ስምህ ማን ነው?» አለ ቬይኮ።
«እ... ፔካ።»
«ሚስት አለህ?»
«እ... ፍየል አለችኝ።»

አለቀ።
ታማለች ወይ ፍየሏ? ማን ያልባታል? ባሮኑ ግብር ይጥልባታል?
ሲርካ አለቀሰች። ኢልካ ሙሾ አወጣ፣ ፍየሏ ሳትሞት።
ማርኬታ ፍየል የማከም ደንብ ፈልጋ አጣች፤ መጽሐፉን ተቆጣች።
ቬይኮ ፍየሏን ሰረቀ።
ፍየል ወዲህ፣ ቅዝምዝም ወዲያ!
ባሮኑ ከነወንድሞቹ ግንቡ ላይ ቀረ፣
ማንም ሳያንኳኳበት፣ እራቱ ቀዝቅዞ።

ቱሊኪ ግንባሯን ካርታው ላይ ደፋች።
የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሳቅ ነው፣
እንባዋ ጠብ ሲል አንድ ሐይቅ በነበረበት ሁለት ሐይቅ ሆነ።
ቀና ብላ፣ ድምፅዋ ሰልሎ፣
«ፍየሏ ገደል አፋፍ ላይ ናት» አለች። «ትጮኻለች።
እኔ ጉሮሮዬ ተዘጋ። ማን ይጩኽልኝ?»

ተያዩ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

ሁለት ክረምት ማሽኑ ላይ ተቀምጬ፣
ያለፈ ሳምንት ጋዜጣ ገልጬ፣
ያልሰማ መስዬ ስሰማ ኖሬአለሁ፤
ቬይኮ የረሳውን የሰረቀውን ሁሉ እኔ አስታውሳለሁ።
ሠላሳ ስምንት ዓመት ከሞተር ጎን ቆምኩ፤
«ድምፅህን አሰማን» የሚል አንድ ሰው አላየሁ።
ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«ሜእእእእእ!»

ማርኬታ ጠጠሯን እጄ ላይ አኖረች። «ጣላት፤ ደንቡ ነው።»
ከአምስት ሰው መዳፍ የቀረ ሙቀት አላት።
ጣልኳት። ተንከባለለች፣ ከጠረጴዛው ዘለለች፣
ከማድረቂያው ሥር ገባች።
ስድስታችን በጉልበታችን፣ በስልክ መብራት ስንዳብስ
አንድ ካልሲ ወጣ፣ የእኔው፣ በመጋቢት የጠፋ፤
አንድ ቁልፍ፣ የማን እንደሆነ ያልታወቀ፤
ጠጠሯ ግን የለችም።
«በቃ» አለች ቱሊኪ አቧራዋን እያራገፈች፤
«ሊነጋጋ ሲል ትራም አለኝ። እስከ ረቡዕ።»

ልብሴን ማሽኑ ውስጥ ረስቼው አደርኩ።

ጠዋት ደረጃው ላይ ሄልቪ፣ የአራተኛ ፎቋ፣ ያዘችኝ፦
«ራውኖ፣ ደህና ነህ? ማታ ስታቃስት ሰማሁ።»
«እኔስ ደህና ነኝ» አልኳት።
«የፍየሏን ነው እስከ ረቡዕ የማናውቀው።»